የባለመቀሱ ሰባተኛ ክፍል በደብረ ታቦር

ሰው በጤናው ተነስቶ የሰው አንገት በመቀስ ሲቆረጥ ለማየት ቀጠሮ ይይዛል? እኔ ይዣለሁ። ያውም ሌላ ሰው ጋብዤ፣ ወንበር ደርድሬ። አሁን የማፍረውን ሩቡን ያኔ አፍሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር ባልኖረኝ ነበር።

ለማያውቀው ላስረዳ። «ባለመቀሱ» የምንለው የፈረንጅ ፊልም አለ። ፊቱን በሻሽ የጠቀለለ ሎጋ ሰውዬ የክንድ ያህል መቀስ ይዞ፣ ከጫካ ዳር ካለች አንዲት ቤት የገባውን ወጣት ሁሉ እየቆረጠ ይጥላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ወጣቶቹ ይመጣሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዷ ምን እንደጎደላት እንጃ ብቻዋን ምድር ቤት ትወርዳለች፤ ከዚያ መብራት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ዝም ብሎ መተኛት እንደሚቻል የሚያውቅ ፈረንጅ እስካሁን አላጋጠመኝም። ይህ ነገር ስድስት ክፍል ወጥቶለት፣ ስድስቱንም ከጌትነት ጋር አይቻለሁ።

ጌትነት የልጅነት ጓደኛዬ ነው። «ነው» ልበል ወይስ «ነበር» ልበል፣ ለረጅም ጊዜ ተቸግሬ ኖሬያለሁ። ወደዚያ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ አጎቱን ላስተዋውቃችሁ።

አጎቱ ጋሽ አበባው በታላቅ እህታቸው፣ ማለትም በጌትነት እናት ግቢ ውስጥ፣ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ማይክ ይዘው ይቆሙና ፊልሙን ከሥር ከሥሩ ወደ አማርኛ ይመልሱልናል። ጋሽ አበባው እንግሊዝኛ አያውቁም። ይህን የደረስኩበት ግን እኔ ራሴ እንግሊዝኛ ካወቅሁ በኋላ ነው። በሳቸው ትርጉም ባለመቀሱ ጎረቤት የአባቱን ድንበር እየገፋ ያረሰበት፣ ፍርድ ቤት ተመላልሶ ተመላልሶ ተስፋ የቆረጠ የገበሬ ልጅ ነው። ወጣቶቹ ደግሞ የዚያ የድንበር ገፊ የልጅ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ሰው በተቆረጠ ቁጥር ብናዝንም ነገሩ መሠረት እንዳለው እናውቅ ነበር። ከኋላ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ትልልቅ ሰዎች «ስንት ጥማድ ቢሆን ነው እንዲህ የሚያፋጀው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጋሽ አበባው ሳያመነቱ «አራት ጥማድ፤ ያውም መስኖ ገብ» ይላሉ። ቤቱ በሙሉ «አአይ!» ብሎ ይተነፍሳል፤ ለመስኖ ገብ መሬት ሰው ቢቆረጥ ማን ይፈርዳል?

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊልሞቹን እንደገና ሳያቸው ባለመቀሱ በሠርጉ ዕለት ሙሽሪት ጥላው የኮበለለችበት ልብስ ሰፊ ሆኖ አገኘሁት። መሬት የሚባል ነገር በስድስቱም ክፍል ውስጥ የለም። ተናደድኩ። ለዚያ አራት ጥማድ ስንት ቀን ተብሰልስያለሁ! ይሄ ንዴት ይሁን ሌላ እንጃ፣ ተመርቄ የእንግሊዝኛ መምህር ሆንኩ፤ እስከ ዛሬም ያልተጣራ ትርጉም ስሰማ ያመኛል። ቴሌግራም ላይ ስለ ፊልም የምጽፍበት ቻናልም አለኝ። አባላቱ ተማሪዎቼ ናቸው፤ ስለ ፊልም ግድ የላቸውም፣ የፈተና ጥያቄ ያመልጠው ይሆናል ብለው ነው የሚጠብቁኝ።

እንግዲህ ስድስተኛው ክፍል ከወጣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ሰባተኛው ወጣ ተባለ። ባሕር ዳር ያለ ወዳጄ በፍላሽ ገልብጦ በሚኒባስ ላከልኝ። በዚያው ሰሞን ፈረንጆቹ ፊልም እያየ የሚጮህ ሰው ፊት ቀርጸው እንደሚለቁ፣ ዓለምም ፊልሙን ትቶ የጮኸውን ሰው እንደሚያይ አይቼ ነበርና አሳብ መጣልኝ። ጩኸት ከተፈለገማ ከእኛ ሰፈር ሰው ወዴት ይኬዳል? አይጥ ያየች ጎረቤቴ ከሥላሴ ጀምራ የማትጠራው ታቦት የለም። የሰፈሬን ሰው ሰብስቤ፣ ባለመቀሱን አሳይቼ፣ ድንጋጤውን በስልኬ ቀርጬ ልለቅ ወሰንኩ። ፊልሙንም አስቀድሜ አላየሁትም፤ የራሴም ድንጋጤ እውነተኛ ይሁን ብዬ። እዚህ ላይ የሠራሁት ስህተት ከሌሎቹ ስህተቶቼ ሁሉ የሚከፋው ነው።

አንድ ችግር ብቻ ነበረብኝ። ቪዲዮ ቤቱ ያለው እትዬ ጥሩወርቅ ግቢ ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ የጌትነት እናት ናቸው። ጌትነት አይሱዙ ይነዳ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት ሰሞን፣ ድንች ጭኖ ወጣ። ድንቹም አልደረሰ፣ መኪናውም አልተገኘ፣ እሱም አልተመለሰ። አየሁ የሚል የለም፤ ሰማሁ የሚል የለም። አስከሬን ስለሌለ መርዶ የሚያረዳ ጠፋ። እናቱ ጥቁር አልለበሱም። የንስሐ አባታቸው ስለ ፍትሐት ሊያነሱ ቢሞክሩ «ልጄ መንገድ ላይ ነው» ብለው በሩን አሳዩአቸው። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ አፉን ለጎመ። «ወሬ አለ?» ይሏቸዋል፤ «የለም» ይላሉ፤ «ይመጣል» ይሏቸዋል፤ ያልፋሉ።

እኔ ግን ከሁሉ ከፋሁ። «ይመጣል» ብላቸው ውሸት ነው። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብላቸው ደግሞ ልጃቸውን በአፌ መግደሌ ነው። ስለዚህ መላ ዘየድኩ፦ ጭራሽ አልሄድም። ከቤቴ ትምህርት ቤት በሳቸው ደጅ ብሄድ አሥር ደቂቃ ነው፤ እኔ በላይኛው መንገድ ዞሬ ግማሽ ሰዓት እሄዳለሁ። ሚስቴ «ምነው፣ ስፖርት ጀመርክ እንዴ?» ስትለኝ «ለደም ግፊት ጥሩ ነው» እላታለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ክረምት ከበጋ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ፣ ከአንዲት አሮጊት ሸሸሁ። ለጓደኛዬ እናት ያልተገኘው እግር ለባለመቀሱ ሲሆን ተገኘ። ሄድኩ።

ደግነቱ በሩን የከፈቱልኝ ጋሽ አበባው ናቸው። ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ሰው ሁሉ በስልኩ ማየት ከጀመረ ወዲህ ሽንኩርት ይቀመጥበታል። አሳቤን ስነግራቸው ሽበታቸው ሳይቀር የሳቀ መሰለኝ።

«ማይኩ ይሠራል» አሉ።

«ጋሽ አበባው፣ ዛሬ እኮ ሰው እንግሊዝኛ ያውቃል፤ ማይክ ባያስፈልግስ?»

«ማን ነው የሚያውቀው? አንተ ብቻ ነህ። አንተ ደግሞ ዝም ትላለህ።»

ሽንኩርቱን ወደ ጥግ መግፋት ጀመርኩ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው የጠራነው፤ ገበያ ቀን ነው፣ ሐምሌ ነው። ወንበሮቹን ደርድረን ስንጨርስ ከጉና ተራራ በኩል የጠቆረው ሰማይ በረዶውን ለቀቀው። ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ የተከፈተ በር ሲያይ ተንጋግቶ ገባ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲሰፉ የኖሩት የጎረቤታችን ልብስ ሰፊ አቶ ሰይድ ከፊት ተቀመጡ። ከገሳይ ገብስ ይዘው የመጡ፣ በሰፈራችን ማንንም የማያውቁ አንድ ገበሬ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው ከኋላ ተቀመጡ። ቤቱ ሞላ፤ የእርጥብ ጋቢና የሽንኩርት ሽታ አንድ ላይ ሆነ። ስልኬን መስኮቱ ላይ ወደ ሰዉ ፊት አዙሬ አቆምኩና መቅረጽ ጀመርኩ። በዚህ መሀል እትዬ ጥሩወርቅ በርጩማቸውን ይዘው ገቡ።

«በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው ብቻዬን ሰለቸኝ» አሉ ወንድማቸውን። ከዚያ እኔን አዩኝ። የሚመጣብኝን ወቀሳ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። «ደኅና ነህ ልጄ? ልጆችህስ ደኅና ናቸው?» አሉኝና ተቀመጡ። ይህን ጊዜ ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት!

ፊልሙ ጀመረ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ባለመቀሱ ሁለት ወጣት ጣለ። ደሙ ግድግዳ ላይ ተረጨ። ወደ ሰዉ ፊት ዞርኩ፤ ጩኸት የለም። አቶ ሰይድ አንገታቸውን አስግገው ቴሌቪዥኑን ይመረምራሉ።

«እንዲህ ነው እንዴ መቀስ የሚያዘው?» አሉ በመጨረሻ። «አውራ ጣቱን የት አስገባው? ይሄ መቀስም አይደለ፣ ቆርቆሮ መቁረጫ ነው። በዚህ ሻሽ እንኳ አይቆረጥም።»

ባለመቀሱ ሦስተኛውን ልጅ በእግሩ ጎትቶ ወሰደው። ከኋላ የገሳዩ ገበሬ «አገሩ ሽማግሌ የለውም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ አበባው በማይኩ «ልከው ነበር፤ እምቢ አለ» ሲሉ መለሱላቸው። ገበሬው «እምቢ ካለማ…» ብለው ተዉት። አንዲት ሴት አፏን ሸፍና አዛጋች። ተቆጣሁ። ሰው እንዴት በፊቱ አንገት እየተቆረጠ ያዛጋል? በኋላ ሳስበው ነው የገባኝ፤ እኛ ለድንጋጤ የሚሆነንን አቅም ባለፉት ዓመታት ጨርሰነው ኖሯል። ከመስኮት ማዶ የተኩስ ድምፅ እየሰማ ሽሮውን ሲያማስል የከረመ ሰው ለቀይ ቀለም አይጮህም።

ከዚያ ታሪኩ ዞረ። ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ ወደዚያች ጫካ ዳር ቤት መጣች። የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ ይዛ በየበሩ እየቆመች ታሳያለች። ልጁን አወቅሁት። በመጀመሪያው ክፍል ምድር ቤት ወርዶ የቀረው ነው፤ ጌትነትና እኔ «አትውረድ!» ብለን የጮህንለት። ሴትዮዋ እናቱ ነች። ይሄን ሁሉ ዓመት ሬሳው አልተገኘም፣ ሞተ ያላትም የለም። «ልጄን አይታችኋል?» ትላለች በእንግሊዝኛ፤ ቃሉን አንድ በአንድ ሰማሁት።  ፍላሹን ልንቀለው ብድግ አልኩ፤ ግን ከነቀልኩት ለምን እንደነቀልኩት ቤቱ ሁሉ ይገባዋልና መልሼ ቁጭ አልኩ።

ጋሽ አበባው እንግሊዝኛ ባያውቁም ፎቶ የያዘች እናት ምን እንደምትል ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። 

«ይህች ሴትዮ…» አሉ፤ እህታቸውን አየት አደረጉ፤ «ይህች ሴትዮ ግብር ሰብሳቢ ነች።»

ማንም አልሳቀ። እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም። ሴትዮዋ አካፋ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች፤ መቆፈር ጀመረች፤ ታለቅሳለች፣ ትቆፍራለች።

«ጌሾ ልትተክል ነው» አሉ ጋሽ አበባው።

«አፈሩ ለጌሾ ይሆናል» አሉ አቶ ሰይድ ፈጠን ብለው። ጌሾ በቤታቸው ደጅ ደርሶ የማያውቅ እስላም ናቸው።

«ጥቁር አፈር ነው፤ ውኃ ይይዛል» አለች ያዛጋችው ሴት።

ቤቱ በሙሉ ተባብሮ ዋሸ። እኔም፣ ያ ትርጉም ሲጣመም የሚያመኝ መምህር፣ «ክረምት ላይ ቶሎ ይይዛል» አልኩ። ሴትዮዋ ግን አካፋውን ጥላ በእጇ ትጭር ጀመር፤ ከአፈሩ ውስጥ ሸሚዝ ወጣ፤ ሸሚዙ ባዶ አልነበረም።

«አበባው» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

«አቤት እታለም።»

«ጌሾ አይደለም። ልጇ ነው።»

ጋሽ አበባው ማይኩን ደረታቸው ላይ አስጠጉት። ከድምፅ ማጉያው የልባቸው ምት ተሰማ።

«ታድላ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «አገኘችው።»

 ያኔ ከኋላ የገሳዩ ገበሬ፣ ከመካከላችን ምንም የማያውቁት ብቸኛው ሰው፣ ጎንበስ ብለው ጠየቁ፦ «እመት፣ እርስዎም ልጅ ሞቶብዎታል እንዴ?»

አጠገባቸው የነበረው ሰው ጋቢያቸውን ጎተተ። አቶ ሰይድ ዞረው ዓይናቸውን አፈጠጡባቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቄስ ያልጨረሰውን፣ እድር ያልደፈረውን ቃል እኒህ ሰው ዝናብ ሊያመልጡ ገብተው ተናገሩት። እትዬ ጥሩወርቅ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ሦስት ዓመት ሆነው» አሉ።

በእኛ አገር ሰው የሞት ወሬ ከሰማ፣ በሰማበት ቦታ ለቅሶ ይደርሳል፤ ገበያ ቢሆን ገበያ ላይ፣ መንገድ ቢሆን መንገድ ላይ። ቪዲዮ ቤት ሲሆን ግን ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ገበሬው ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ በሰው ጉልበት መሀል እየተላለፉ ፊት ለፊታቸው መጥተው ቆሙ።

«አልሰማሁም እመት። ሳልደርስዎ ቀረሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ነፍሱን ይማረው። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«አልሞተም!» አሉ ጋሽ አበባው። ማይኩን ረስተውት ስለነበር ጩኸታቸው ቤቱን አናወጠው። «አልሞተም ሰውዬ! መንገድ ላይ ነው!»

«ተወው አበባው» አሉ እህታቸው። «እኔም ደክሞኛል።» ከዚያ ወደ ገበሬው ቀና ብለው «አሜን፤ እርስዎንም ክፉ አይንካዎት» አሉ። ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱት። ወገባቸው ላይ አሰሩት። ሲያስሩት እጃቸው ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ሳተው። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው «ጌትነት!» ብለው ጮኹ።

ቤቱ በአንድ ጊዜ ተነሳ። አግዳሚዎቹ ተገለበጡ፣ ሽንኩርቱ ወለሉ ላይ ተበተነ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ቴሌቪዥኑ ላይ ባለመቀሱ መቀሱን እያንቀጫቀጨ ይመላለሳል፤ የሚያየው ግን የለም። አቶ ሰይድ እንባቸውን በኩታቸው እየጠረጉ ሄደው አጠፉት። ከውጭ ሰው በበረዶው ውስጥ እየሮጠ መጣ። «ማን ሞተ?» ይላል በር ላይ። «ጌትነት» ይሉታል። ቃሉን ስሰማው እኔም ጮህኩ። ጌትነትን ናፍቄው ነበር። ሦስት ዓመት ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ የምሸሸው ከእናቱ አልነበረም፤ ይህን ከመናገር ነበር።

ተራዬ ሲደርስ እግራቸው ሥር ወደቅሁ። ያን ያህል ዘመን የፈራሁትን «ያጽናዎት» ለማለት ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ራሴን በእጃቸው ይዘው «መጣህልኝ» አሉኝ። ፊልም ላሳይ ነው የመጣሁት አላልኳቸውም።

ማታውኑ እድሩ ድንኳን ተከለ። እሑድ ቄሶቹ ፍትሐት አደረሱ። ስልኬን አመሻሹ ላይ አስታውሼ ከመስኮቱ አወረድኩት፤ ባትሪው እስኪሞት ድረስ ቀርጿል። አላየሁትም፣ አላጠፋሁትምም። ተማሪዎቼ ቻናሉ ላይ «ቲቸር፣ ፊልሙ እንዴት ነው?» ይላሉ። እሑድ ከፍትሐቱ በኋላ ቤቴ ገብቼ ቀሪውን ፊልም ብቻዬን አየሁት፤ ሴትዮዋን እጇ አፈር ውስጥ እንዳለ ጥያት መቅረት አልቻልኩም። ባላየሁት ይሻል ነበር። አጥንቱን በአንሶላ ጠቅልላ ወደ መኪናዋ ስትሮጥ ባለመቀሱ ከዛፍ ጀርባ ወጣ። እሷንም ጣላት፤ አንሶላው ተፈታ፤ አጥንቱ ጭቃ ላይ ተበተነ። አለቀ። ስምንተኛ ክፍል እንዳለውም በመጨረሻ ፍንጭ ይሰጣል።

ሰኞ ሠልስት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጬ ሳለ እትዬ ጥሩወርቅ በእጃቸው ጠሩኝ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ድምፃቸው ተዘግቷል። ጋሽ አበባው አጠገባቸው ፍራሽ ላይ ናቸው።

«ያቺ ሴትዮ» አሉኝ። «ፈረንጇ። እንዴት ሆነች?»

ጋሽ አበባው ቀና ብለው አዩኝ።

«ቀበረችው እትዬ» አልኩ።

«የት?»

«ከቤተ ክርስቲያን፤ ትልቅ ዛፍ ሥር።»

«ካህን ነበር?»

«አራት ነበሩ። ዲያቆንም አለ።»

«ሰውስ ወጣላት?»

«አገሩ በሙሉ ወጣ። ቦታ ጠፍቶ ከቅጥሩ ውጭ የቆመ ነበር።»

«ያስ ጨካኝ?»

«አልመጣም። በዚያን ቀን አልመጣም።»

እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሽ አበባው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ተዝካሩንም አውጥታለች እኮ» አሉ። «ምነው እሱን አልነገርካትም?»

«ረስቼው ነው» አልኩ።